ሚዛን ያዢዋ

የቆላ ገበሬ ማሽላው ሲገረጣና ቁመቱ ከጉልበት አልፎ አልሄድ ሲለው «አቀንጭራ ገብቶበታል» ይላል። አቀንጭራ ክፉ አረም ነው። ሐምራዊ አበባውን ይዞ ብቅ እስኪል ድረስ ከመሬት በታች ሆኖ የማሽላውን ሥር ሲመጥ ይከርማል፤ ገበሬው አይቶት ሊነቅለው ጎንበስ በሚልበት ቀን ጉዳቱ ደርሷል። የጤና ሰዎች በምግብ እጥረት የተነሣ የልጅ ቁመት ከዕድሜው ጋር አልሄድ ሲል «መቀንጨር» የሚሉትም በዚሁ ቃል ነው። ቋንቋችን አንዳንዴ ከመማሪያ መጽሐፍ አብልጦ ያስረዳል። ልጅም የሚቀነጭረው ከሥሩ ነው፤ ከተፀነሰበት ዕለት አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ። ከዚያ ወዲያ የበላው ያወፍረው ይሆናል እንጂ የቀረበትን ቁመትና የአእምሮ ዕድገት ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም።

ማሽላው ሲቀነጭር የጎረቤት ማሳ ያጋልጠዋል። ልጅ ሲቀነጭር ግን እኩዮቹ ሁሉ እንደሱ አጫጭር ስለሆኑ የሚያጋልጠው የለም። «በአባቱ ወጥቶ ነው» ይባላል፤ «አጥንቱ ደቃቃ ነው» ይባላል። ወሬውን ሁሉ የሚዘጋው ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ነው። ስለዚህ ሚዛን ይዞ ደጃፍ ድረስ የሚሄድ ሰው አስፈለገ። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሙ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ተሻግሮ ነው። ነርስም አይደለም። የዚያው መንደር ሰው፣ ጎረቤት፣ በኋላ በኋላ ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ክፍያ። ይህ ሰው ባለፉት አርባ ምናምን ዓመታት በአገራችን ቢያንስ አምስት ስም ወጥቶለታል።

ከእሱ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ሐሳቡ ለጊዜው ደፋር ነበር፤ የሰው ቁጥር ግን አልበቃም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው እሱ ነው። የዚያ ቤት ትልቁ ልጅ ፋፋ ነው። ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ተመጥኖ፣ ቫይታሚን ተጨምሮበት የተዘጋጀ የልጅ ምግብ፤ ስሙም ምኞት ነው፣ ልጅ ይፋፋበት ዘንድ። የከተማ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገንፎው ከመሠራቱ በፊት ዱቄቱን በደረቁ እየላሰ ያልታነቀ ካለ እሱ ጨዋ ነበር። ገጠር ግን ፋፋ ሸቀጥ ነው፣ ሸቀጥ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ሲመጣ አገሪቱ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ነበሯት፤ በየጎጡ ሄዶ «ይህ ልጅ ከስቷል» የሚል ግን አልነበራትም።

የመጀመሪያው ስም የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም መንግሥት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ጎጥ የሚወርድ እጅ አገኘ። በዚሁ መሐል ዓለምም ወደዚያው ያዘነብል ነበር። አልማ አታ፣ የዛሬዋ ካዛኪስታን ውስጥ፣ ስለ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት የተጠራው ታላቅ ጉባኤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1970 ተከፍቶ መግለጫውን ያወጣው መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ አደባባይ የአብዮቱን አራተኛ ዓመት እያከበረች ሳለች ማለት ነው። መግለጫው በጤና አገልግሎት ውስጥ ለመንደር ጤና ሠራተኞችና ለባህል ሐኪሞች ጭምር ቦታ ሰጠ። ደርግም በስድስት እርከን ባዋቀረው የጤና ሥርዓት ከታች፣ ከጤና ጣቢያውም ሥር፣ የኅብረተሰብ ጤና ወኪልን አስቀመጠ። ከጎኑ ሠልጥና የተመለሰች የልምድ አዋላጅ ነበረች።

ወኪሉ በገበሬ ማኅበሩ ተመርጦ ሦስት ወር ይሠለጥናል። ንጽሕና ያስተምራል፣ ቀላል በሽታ ያክማል፣ ስለ ልጅ አመጋገብ ይመክራል። ደመወዙን የሚችለው ማኅበሩ ነው ተባለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ማኅበሩ መዋጮ አለበት፣ የምልመላ ኮታ አለበት፣ የእህል ግብይት አለበት፤ ለወኪሉ የሚተርፍ ከየት ይምጣ? የሠለጠኑት ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ሁለተኛም እንከን ነበረበት፤ ይህ ግን ያን ያህል አልተወራለትም። ወኪሎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። የማኅበሩ ስብሰባ የወንድ ነውና የሚመረጠውም ወንድ ይሆናል። ልጅ ከሦስት ድንጋይ መሐል ባለው ምድጃ ላይ በሚጣደው ድስት ነው የሚያድገው ወይ የሚቀረው፤ ወንድ ደግሞ ማድ ቤት ገብቶ «ምን ጣድሽ?» አይልም። ቢልም ቃሉ አይሰማም። የአራስ ቤት ጓዳ ውስጥ ለጨቅላው ቅቤ ሲላስ፣ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሲደፋ፣ እሱ ደጅ ከአባትየው ጋር ቡና እየጠጣ ነው።

ከዚያ የ77ቱ ድርቅ መጣ። የኮረምን መጠለያ ያየ ዓለም ሁሉ አስታውሷል፣ አልደግመውም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ነው። ያን ጊዜ በጣም የከሳ ልጅ የሚታከመው በመጠለያ ውስጥ ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿን ጥላ፣ ወይ አስከትላ፣ ቀናት ተጉዛ ትመጣለች፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተጠጋጋበት ሜዳ ላይ ልጇ ከረሃቡ ቢያመልጥ ኩፍኝ ወይ ተቅማጥ ይጠብቀዋል። የታመመውን ወደ ምግቡ ማምጣት እንጂ ምግቡን ወደ ታመመው ማድረስ አይታሰብም ነበር፤ ቢታሰብም በየመንደሩ የሚቀበል ሰው የለም።

በዚያው ዘመን ግን ሌሎች አገሮች ያንኑ የመንደር ሰው ይዘው ሌላ ነገር ሞክረው ነበር። ሚዛኑና የዕድገት ካርዱ ዴቪድ ሞርሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ናይጄሪያ ውስጥ ኢሜሲ ኢሌ በምትባል መንደር ካደረገው ሥራ የተስፋፋ ነው፤ የልጁ ክብደት በየወሩ በነጥብ ተመልክቶ ነጥቦቹ በመሥመር ሲያያዙ ያልተማረችም እናት መንገዱ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል ታያለች። ታንዛኒያ ኢሪንጋ ውስጥ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ መንደሮች በየሦስት ወሩ ልጆቻቸውን እየመዘኑ ውጤቱን በራሳቸው ሸንጎ ያነብቡ ነበር፤ የስንቱ ልጅ ክብደት ወረደ፣ ለምን ወረደ፣ ማን ምን ያድርግ? በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ክብደታቸው ክፉኛ ያነሰ ልጆች ከመቶ 6 ወደ 2 ወረዱ። ታይላንድ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቿን ጥቂት ቤቶች ብቻ አስይዛ፣ የሚከታተላቸው ደመወዝተኛ መድባ፣ ከልጆቿ ግማሹ ክብደቱ ዝቅተኛ ከነበረበት ሁኔታ በአሥር ዓመት ከመቶ 20 በታች ደረሰች። ያገር ኢኮኖሚም ያግዛት ነበር፤ እውነቱ መነገር አለበት።

እኛ ዘንድ ሴቲቱ ወደ ታሪኩ የገባችው በወባ በኩል ነው። በ1980ዎቹ ትግራይ ውስጥ «አስተባባሪ እናቶች» ጎረቤቶቻቸው የልጆቻቸውን ትኩሳት እንዲለዩና የወባ መድኃኒት በቤታቸው እንዲሰጡ ያስተምሩ ነበር። ሥራው በጥናት ተለክቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አስተባባሪ እናቶች ባሉባቸው ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ በ40 ከመቶ ቀንሷል። ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ናቸው። ከወንዱ ወኪል የሚለያቸው ሥልጠናው አይደለም። እጃቸው ላይ መድኃኒት ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ልጁ ሌሊት ሲያተኩስ በር አንኳኩተው መግባት ይችላሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከሐዲያ ነው። በ1992 እንደገና ድርቅ ነበር፤ ጎዴ ላይ ኩፍኝ የከሱትን ልጆች አጨደ። በ1993 መጀመሪያ ሐዲያ ውስጥ ባደዋቾ ወረዳ ላይ ስቲቭ ኮሊንስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ክፉኛ የከሱ ልጆችን ሳያስተኙ፣ በየሳምንቱ እያዩ፣ ምግቡን ለእናቶቻቸው አስይዘው ወደ ቤት መስደድ ሞከሩ። በጊዜው ይህ ለብዙ ባለሙያ እብደት ነበር። በጥናቱ ከተመዘገቡት 170 ልጆች 85 ከመቶው ዳኑ፤ የሞቱት 7 ናቸው። ይህን ያስቻለው ፈረንሳዊው አንድሬ ብሪየንድ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈጠረው በኦቾሎኒ የተለወሰ ምግብ ዓይነት ነው፤ ዛሬ ፕላምፒ ነት የሚባለው። ውሃ አይፈልግም፣ አይበስልም፣ ቶሎ አይበላሽም። አንዱ ፓኬት 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አሠራሩን ለዓለም ሁሉ ሲያጸድቁት መነሻው የእኛው ወረዳ መሆኑን ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም። እኔም ቆይቼ ነው የሰማሁት።

ምግቡ ቤት ድረስ መሄድ ከቻለ ልጁን ቀድሞ የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውስጥ ቦታ አገኘ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ የመንግሥት ደመወዝ ያላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። 16 የጤና ፓኬጅ ተሸክመው፣ 5,000 ሰው ይዘው፣ ጤና ኬላና ቤት ለቤት መሐል ይመላለሳሉ። አንድን ቤተሰብ «ሞዴል» ብሎ ለማስመረቅ 96 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ይህን በ1,000 ቤት አባዙት። ሁለት ሴቶች ሊወጡት እንደማይችሉ የታወቀው ወዲያው ነው። ስለዚህ ከሥራቸው ፈቃደኞች ተሰለፉ። ደመወዟ ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስሟ አንድ ሆኖ ቀረ፤ ያልተከፈላት ግን ከስም ወደ ስም ትዘዋወር ጀመር።

በ2000 ዓ.ም አገሪቱ የሥነ ምግብ ስትራቴጂ አወጣች። በዚያው ዓመት በአራት ክልሎች፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ፣ ማኅበረሰብ ተኮር የሥነ ምግብ ሥራ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሁሉ በየወሩ በጎጡ ውስጥ ይመዘናል፤ መዛኟ ለ30 ወይ ለ50 አባወራ የምትመደብ «ፈቃደኛ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ» ነች።

የመለኪያ ቀን ምን እንደሚመስል ላልገባው ሰው ቀረብ አድርጌ ላሳየው። ብዙ ቦታ ቀኑ የሚቆረጠው ሞፈር በማይነካበት በበዓል ነው። ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን ይታሰራል፤ ከመንጠቆው ሥር እግር ማውጫ ያለው የጨርቅ ሱሪ ይንጠለጠላል። ልጁ እዚያ ውስጥ ገብቶ አየር ላይ ሲወዛወዝ የሚያሰማው ጩኸት ሰፈር ያዳርሳል። የሚመጡት ሁሉ አይደሉም። «ዓይን ይገባበታል» ብላ ያስቀረች አለች፤ ልጅን በሰው ፊት መመዘን እንደ መቁጠር ነው፣ የተቆጠረ ደግሞ ይጎድላል። መዛኟ ቁጥሩን ታነብባለች፤ መጻፍ ካልቻለች አራተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ካርዱ ላይ ነጥቡን ያሳርፋል።

«ባለፈው ወር 7 ኪሎ ከ200 ነበር እታለም። ዛሬም 7 ኪሎ ከ200 ነው።»

«ተመስገን፣ አልቀነሰማ!»

«አልጨመረምም እኮ። ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ዝም ብሎ መቆም አልነበረበትም።»

የሥራው ልብ ይህ ነው። እናትየዋ የምትፈራው መቀነስን ነው፤ መዛኟ የምትፈራው መቆምን ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ድስቱ ይሄዳል። ልጁ ምን ይበላል? አጥሚት። አጥሚቱ ከማንኪያ ላይ ይንጠባጠባል ወይስ ይይዛል? የሚንጠባጠበው ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይሠራም። እህልና ጥራጥሬ ተቆልቶ ተፈጭቶ ምጥን ይዘጋጅ፣ ገንፎው ወፈር ይበል፣ ጠብታ ዘይት ይግባበት። እንቁላልስ? እንቁላል ለገበያ ነው፤ ጨውና ጋዝ የሚገዛው በሱ ነው። በጾም ጊዜ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሃይማኖቱ ሕፃን እንዲጾም አያዝም፣ ቄሱም ቢጠየቁ ይህንኑ ይላሉ፤ እናት ግን ቅቤ የነካው ድስት ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ብላ ለልጁም አትሠራለትም። ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት ቢኖራት ነገሩ ያልቅ ነበር።

በመጨረሻ የክንዱ ዙሪያ ይለካል። ቀለም ያለው የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ከ12.5 ሴንቲሜትር በላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ተጭኖ ሥርጉዱ ከቀረ እብጠት ነው። ቀይ ያየች መዛኝ ልጁን ወደ ጤና ኬላ ትልካለች፤ እዚያም ፕላምፒ ነት ይጠብቀዋል። ከ2000ው ድርቅ ወዲህ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ወርዶ ኬላ ድረስ ስለደረሰ ነው ይህ የተቻለው። ኬላው ባዶ ከሆነ ግን ጥብጣቡ የሚለካው የመዛኟን ዐቅመ ቢስነት ነው።

በ2003 ገደማ ስሟ እንደገና ተለወጠ። አሁን «የሴቶች ልማት ሠራዊት» ውስጥ የቡድን መሪ ነች። 30 ያህል ቤቶች አንድ ቡድን፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ለአምስት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሰለፉት ሴቶች ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋሉ ተባለ። ከፈቃደኞቹ አንዳንዶቹ አዲሱን ስም ይዘው ቀጠሉ፣ አንዳንዶቹም ቀሩ። አንድ ለአምስት በተጨማሪ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ያው አደረጃጀት ለማዳበሪያም፣ ለመዋጮም፣ ለምርጫም ይጠራ ነበርና በር የምታንኳኳው ሴት ለምን እንደመጣች ቤቱ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ጎረቤት ሆና የገባችበት ጓዳ ተጠሪ ሆና ስትመለስ «አዎ፣ አጥብቻለሁ፤ አዎ፣ ሽንት ቤት ቆፍረናል» የሚል መልስ ያድላታል። ሪፖርቱ አማረ። ለኔ የሠራዊቱ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ያለ ክፍያ ማሠራቱን ከሱ በፊት የነበሩትም አድርገውታል፣ የጎረቤትነትን አመኔታ ግን እሱ ነው ያሳጣት።

ያለ ክፍያ መሥራቱ ራሱ ምን ያህል ይከብዳል? አንትሮፖሎጂስቱ ኬኔት ሜስና ባልደረቦቹ ገጠር አማራ ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጽሑፍ የሠራዊቱ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ መሆናቸውን አስፍሯል። ሜስ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለኤድስ ሕሙማን ቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጡ ፈቃደኞችን አጥንቶ እነሱም ራሳቸው በምግብ እጦት የሚኖሩ ሆነው አግኝቷቸው ነበር። ስለ ምጥን ገንፎ የምታስተምረው ሴት ቤት ስትገባ ምን እንደምትጥድ የጠየቀ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቁጥሩ ወርዷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ1997፣ 51፤ በ2003፣ 44፤ በ2008፣ 38፤ በ2011፣ 37። ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነው በዚያው ጊዜ ውስጥ ከ41 ወደ 21 ወርዷል። ይህ የመዛኟ ብቻ ሥራ አይደለም። ሴፍቲኔት ገብቷል፣ መንገድ ተሠርቷል፣ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ምርት ጨምሯል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የሷ ነው? ከቁመቱ ይልቅ ሁለት ሌሎች ቁጥሮችን ብናስተያይ መልሱ ይገኛል።

እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት በ1997 ከመቶ 49 ነበሩ፤ በ2011፣ 59 ደረሱ። እንገር መድፋትና ውሃ ማቅመስ በምክር የሚተው ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ እናትየዋ ሰውነት ውስጥ አለ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ ግን በበቂ ጊዜና በበቂ ዓይነት የሚመገቡት በ2003 ከመቶ 4፣ በ2008 ከመቶ 7፣ በ2011 ከመቶ 11 ብቻ ናቸው። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ፍራፍሬው ከገበያ ነው የሚመጣው። ሴትዮዋ ቃል ብቻ ይዛ በሄደችበት፣ ቃል የሚፈታውን ፈትታለች፤ ገንዘብ የሚፈታው ግን ቆሞ ይጠብቃል። «ማኅበረሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚለው የስብሰባ ዓረፍተ ነገር ከዚህ በኋላ ቢያንስ ያሳፍር ነበር።

መንግሥትም ይህን አላጣውም። ሐምሌ 2007 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2030 የሕፃናት የምግብ እጥረትን ለማጥፋት ሲነሣ ጉዳዩን ከጤና ቢሮ አውጥቶ ለግብርናው፣ ለውሃውና ለትምህርቱ አካፈለው። ሥራው የተጀመረው ተከዜን ተከትሎ በአማራና በትግራይ ባሉ ወረዳዎች ነው፤ ዶሮ፣ ፍየል፣ የጓሮ አትክልትና መስኖ በአንድ ዕቅድ ገቡ። ከዚያ በ2013 ጦርነቱ መጣ። ያ ተፋሰስ ከዳር እስከ ዳር የጦር ሜዳ ሆነ፤ ቃል ኪዳኑ የተሰየመባት ሰቆጣም አልቀረላትም። ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ፈረሱ፤ ብዙ መዛኞች ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው የልጆቻቸውን ክንድ አስለኩ።

አሁን ደግሞ እስከ 2035 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታ «የመንደር ጤና መሪ» የሚል ስም ይዞላታል። ስሙ ከሠራዊት ይሻላል። ታይላንድ ግን በጎ ፈቃደኞቿን በነፃ ስታሳክም ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2009 በየወሩ 600 ባት ትሰጣቸው ጀመር። ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። ከእኛም ጤና ቢሮዎች ለሥልጠና ቀን አበል፣ ለጉዞ ነዳጅ፣ ለአዳራሽ ኪራይ የሚወጣው ተሰብስቦ ቢታይ የአንዲት መንደር ሴት የወር ቡናና ስኳር የሚሸፍን ነገር አይጠፋበትም። የሚቀጥለውን ስም የምታወጡ ሰዎች፣ ከስሙ ጎን ክፍያዋንም ጻፉበት።